ቀይዋ ክር

ከጅቡቲው ባቡር ዕቃ ሲራገፍ
ከጭድ መሃል ወጣች፣ ከሣጥኑ ጫፍ፤
የስኒ አፍ ታክላለች፣ ክብ፣ ባለ መስታወት፣
ከመሃሏ ቀጭን ቀይ ክር የቆመባት።
ሙሴ ቫርታን ገዝቶ በጨርቅ ወለወላት፣
ያሊዪን ራዲያተር ክዳን በስቶ ተከላት።
«ከመሪህ ሳትነሣ በመስታወት እያት፤
ከፍ ካለች ፈልቷል፤ ቁም፣ ውሃ ጨምርላት።
ዝቅ ካለች ንዳ። ሌላ ምን ትሻለህ?
ከእንግዲህ በአፍንጫህ ስለምን ትነዳለህ?»

እውነትም አሊዪ በአፍንጫው ነበር የሚነዳ፤
ቀለም ሲጠበስ፣ ላስቲክ ሲቆጣ፣ ከሩቅ የሚረዳ።
ባዶ እግሩን ከብረቱ ወለል ላይ አሳርፎ
ትኩሳቷን ያዳምጣል፣ ጫቱን በጉንጩ አቅፎ።

እኔ ረዳቱ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ፣
ታኮ በቀኝ እጄ፣ ስልቻ ካንገቴ፤
ደንገጎን ስንወጣ፣ ከኋላ ጎማ ሥር፣
መኪና ላይ ሳይሆን በእግሬ ነው የምኖር።
ስታቃስት ታኮ፣ ስትጮህ ደግሞ ውሃ፤
ሐረር ስንገባ ላቤ ደርቆ፣ ልብሴ የጨው በረሃ።

ክሯ ከመጣች ግን አሊዪ ሌላ ሆነ።
ጫማ ገዛ። መስማቱን ተወ፣ በዐይኑ ብቻ አመነ።
የመጋላ ልጆች ተሰብስበው ዞሯት፤
«ያሊዪ መኪና ዐይን አወጣች» አሏት።
ኢፍቱ፣ የደንገጎ ግርጌ ውሃ ሻጯ፣ ተቀየመች፤
«ዘንድሮ መኪናችሁ ክር ጠጥታ አደረች?» አለች።
እሱ ግን ይስቃል፣ ደቻቱን ሲሻገር፣
ከክሯ ጋር ብቻ ሲነጋገር፣ ሲነጋገር፤
«ውረጂ የኔ ቀይ፣ ደግሞ ለምን ወጣሽ?
ቀስ እላለሁ በቃ፤ ማን ነው ያስቆጣሽ?»

ሚያዝያ ነበር፣ ቀትር። ሃያ ኩንታል ስኳር።
ከሦስተኛው ጥምዝ፣ ከኋላዋ ስበር፣
በአቧራው ላይ አየሁ ቀጭን እርጥብ መስመር፣
ቀንድ አውጣ ያለፈች የሚመስል ነገር።
«አሊዪ! ውሃው! ውሃው!» ብዬ ጮህኩ ከአቧራ።
እጁን በመስኮት አወጣ፤ ጥርሱ ሲያበራ፤
ጣቱን ወደ ክሯ፣ «አታያትም?» አለ፣ «ወርዳለች፤ አትፍራ።»

ወርዳለች። እውነት ነው። እኔም ሮጬ አየኋት፤
በዚያ ሐሩር መሃል፣ ሐረማያ እንዳለች፣ ቅዝቅዝ ያለች እመቤት።

ሞተሩ አንዴ ሳለ።
ደግሞ ሳለ። ነከሰ።
ከዚያ የዝንጀሮ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ነፋስ ነፈሰ።
ታኮውን ሰካሁ፤ እጄ ከልማዱ መቼ ተመለሰ።
አሊዪ ወርዶ መስታወቷን በጥፍሩ ቆረቆረ፣
የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ። «ዋሸሽኝ?»
አላት በቀስታ፤ እስኪመሽ ድረስ ሌላ አልተናገረ።

ሙሴ ቫርታን መጣ፣ መፍቻ ይዞ፣ በማግስቱ፤
ክዳኑን ፈታው፤ ዝገት ብቻ ከፊቱ።
«እሷ የምትለካው እንፋሎት ነው» አለ፣
«ባዶ ድስት ገንፍሎ ያየ ሰው የት አለ?»

ከዓመታት በኋላ፣ ፎርዷ በኪሎ ተሸጣ፣
አሊዪ መጋዘን በር ላይ ዱላ ይዞ፣ ዘበኛ ሆኖ መጣ።
ያ ደንገጎ የሚያውቀው፣ ቁጡው፣ ተሳዳቢው፣
ሰላም ስለው፣ «ሰላም»። ድምፁ ለስላሳ ነው።
«ዕድሜ አበረደው» አለ የሰፈሩ ሁሉ፤
እኔም «እሰይ» ብዬ አለፍኩት፣ እንዳሉ።

አንድ ሌሊት ጠሩኝ። ሮጥኩ። ዘግይቼ ደረስኩ።
ታኮ አልያዝኩም ነበር፤ ውሃም አላደረስኩ።

ክሯ ዛሬ እኔ ጋር፣ መስኮቱ ላይ አለች፤
በድሬ ፀሐይ ትወጣለች፣ ማታ ትወርዳለች፤
አልዋሸችም እሷ፣ የነካትን ብቻ ትናገራለች።
እኔ ግን «እገሌ በረደ» ሲሉኝ
ጫማዬን አወልቃለሁ፤
ከኋላው ጥቂት ቀርቼ
አቧራውን አያለሁ።